ጉስታቭ ኤፍል እና የከፍታው ነፋስ

ጉስታቭ ኤፍል ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን የፓሪሱ ማማ ነው። ሰውየው ግን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከነፋስ ጋር ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

የተወለደው በ1832 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን ከተማ ነው። ስሙን ያስጠራው በባቡር ድልድይ ሥራ ነበር። በ1879 ስኮትላንድ ውስጥ የቴይ ድልድይ በኃይለኛ ነፋስ ባቡሩን ከነተሳፋሪዎቹ ይዞ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ድልድይ ሠሪዎች ሁሉ ነፋስን እንዲሁ በግምት ማለፍ እንደማይቻል ገባቸው።

የማማው የመጀመሪያ ንድፍ የኤፍል አይደለም፤ በድርጅቱ ይሠሩ የነበሩት የሞሪስ ኬክላንና የኤሚል ኑጊዬ ነው። ይቺ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ችግሩ 300 ሜትር ላይ ነፋስ እንዴት እንደሚነፍስ በደንብ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሒሳብ ተሠራ። በአንዱ ግፊቱ ከታች እስከ ላይ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ነው ተባለ። በሌላው ደግሞ ከታች 200 ጀምሮ ጫፉ ላይ 400 እንደሚደርስ ተወሰደ። እግሮቹ ጎበጥ ብለው ወደ ላይ የጠበቡት ለውበት ብቻ ሳይሆን ከዚሁ ሒሳብ የተነሳ ነው።

በ1889 ማማው ሲያልቅ ጫፉ ላይ የነፋስ መለኪያ ተተከለ። የአየር ጠባይ አጥኚው አልፍሬድ አንጎ ውጤቱን ከተማው ውስጥ 21 ሜትር ላይ ከነበረ መለኪያ ጋር አስተያየው። ከታች በአማካይ በሴኮንድ 2 ሜትር ገደማ የነበረው ነፋስ ላይ 7 ሜትር ደረሰ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው! ቤቱና ዛፉ ከታች ያለውን ነፋስ ይይዙታል፣ ከፍ ሲባል ግን የሚይዘው የለም። የሚገርመው ደግሞ ማታ ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ የታችኛው አየር ይረጋል፤ ማማው ጫፍ ላይ ግን ነፋሱ የሚበረታው ያኔ ነው።

ማማው የተፈቀደለት ለ20 ዓመት ብቻ ነበር። ኤፍልም በፓናማ ቦይ ቅሌት በ1893 ሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት፤ ፍርዱን የበላይ ፍርድ ቤት ቢሽረውም ከንግዱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡንም ጊዜውንም ለነፋስ ሰጠ። ከሁለተኛው ፎቅ የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ነገሮች በገመድ እየመራ ወደ ታች ይለቅ ነበር፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚገፋቸው ለመለካት። በ1909 ማማው ሥር የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሠራ። ይሄ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ለወታደሩ የራዲዮ ቴሌግራፍ መሰቀያ መሆኑ፣ ማማውን ከመፍረስ አተረፈው። በ1910 ፈቃዱ ታደሰ።

ኤፍል በ1923 በ91 ዓመቱ ሞተ። በ1912 ወደ ኦቴይ ሰፈር ያዛወረው ዋሻ ግን እሱ ካለፈም በኋላ ለአውሮፕላንና ለመኪና ሙከራ ማገልገሉን ቀጠለ።