ጄን ኮልደን፦ የዕፅዋት መዝጋቢዋ ሕይወትና የባለ ዕውቀቶች ስም ጥያቄ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሴት የዕፅዋት ተመራማሪ ተብላ የምትታወቀውን የጄን ኮልደንን ሕይወትና ሥራ ማቅረብ፣ ከዚያም ታሪኳ በጋሞ ዞን የዕፅዋትን ባህላዊ ጥቅም ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚያስነሣውን አንድ ጥያቄ ማመልከት ነው። የሕይወት ታሪኳ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኮልደን በ1724 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ካድዋላደር ኮልደን በኤዲንብራ የተማረ ሐኪምና የቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ቤተሰቡ ከሐድሰን ወንዝ በስተምዕራብ ኮልደንሃም በተባለ ሰፊ ርስት ይኖር ነበር። ለምርምር የሚሆን ጊዜ ያስገኘላት ይህ ርስት በቅኝ አገዛዝ የተገኘ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም የሚያገለግሉበት እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባም።

በዘመኑ የዕፅዋት ሳይንስ የሚጻፈው በላቲን ነበር፤ ለሴቶች ልጆች ላቲን ማስተማር ግን የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ አባቷ የስዊድናዊውን የካርል ሊኔየስን የአመዳደብ ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አስተማራት። እርሷም በ1750ዎቹ በሐድሰን ሸለቆ የሚበቅሉትን ዕፅዋት እየዞረች መዘገበች። መዝገቧ 341 መግለጫዎችና 340 የቅጠል ሥዕሎች አሉት። በዓይኗ ያየችው ከመጽሐፉ ሲለይ ያየችውን ትጽፍ ነበር፤ ፖሊጋላ ስለተባለው ተክል አበባ አገላለጽ ከሊኔየስ እንደምትለይ ምክንያቷን ዘርዝራ አስፍራለች።

የሥራዋ ዝና በደብዳቤ እስከ ለንደንና ኡፕሳላ ደረሰ። ሆኖም ሳይንሳዊ ስያሜ አልቀናትም። በስኮትላንዳዊው ሐኪም በአሌክሳንደር ጋርደን ስም ጋርዴኒያ ብላ የሰየመችው ተክል ስሙ አልጸናለትም፤ ዛሬ ጋርዴኒያ የሚባለው፣ በአገራችንም ዝርያው ያለው፣ ሌላ ተክል ነው። በ1758 ጆን ኤሊስ አንድ ተክል በእርሷ ስም ኮልደኔላ እንዲባል ለሊኔየስ ሐሳብ ቢያቀርብም ሊኔየስ አልተቀበለውም። ኮልደኒያ የተባለው ጂነስ የሚያስታውሰው አባቷን ነው።

በ1759 ዊሊያም ፋርኳር የተባለ ሐኪም አገባች፤ ከጋብቻዋ በኋላ በዕፅዋት ጥናት እንደ ቀጠለች የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በ1766 በ41 ዓመቷ ዐረፈች። መዝገቧ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ፎን ቫንገንሃይም በተባለ ጀርመናዊ መኮንን እጅ ገባ፤ ኋላም ወደ ጆሴፍ ባንክስ ተላልፎ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ከውስጡ የተመረጠው ክፍል የታተመው በ1963 ነው። ኮልደንን ከመረሳት ያዳናት እንግዲህ ስያሜ ሳይሆን የጻፈችው ነው።

በመዝገቡ ውስጥ ግን ሌላ የተረሳ ሰው አለ። አስክሌፒያስ የተባለው ተክል ሥሩ ተፈጭቶ ለሆድ ቁርጠት እንደሚያገለግል ስትጽፍ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከአንድ የካናዳ ነባር ተወላጅ መሆኑን ገልጻለች። ብዙዎች ምንጭ በማይጠቅሱበት ዘመን ይህን መጻፏ ያስመሰግናታል። የሰውየው ስም ግን አልተጻፈም፤ በመሆኑም ዕውቀቱን ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ወገኑ መልሶ ለማያያዝ መንገድ የለም።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የዋጊኖስ ሳይንሳዊ ስም በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን ጄምስ ብሩስን፣ የኮሶው ደግሞ ጀርመናዊውን ካርል ሃገንን ያስታውሳል። መድኃኒትነታቸውን ያሳዩት ሰዎች ግን በስያሜው ቦታ የላቸውም።

በላንቴና በአካባቢው ስለ ሽፈራው፣ በደጋውም ስለ እንሰት የሚጠይቅ ተመራማሪ አብዛኛውን መልስ የሚያገኘው ከእናቶች ነው። መጠይቁ ሲጠቃለል ግን መረጃ ሰጪዎቹ በዕድሜና በፆታ ተከፍለው ቁጥር ይሆናሉ። የጀነቲክ ሀብትንና የኅብረተሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን መብት ያውቃል፤ መብቱን ለመጠየቅ ግን ዕውቀቱ ከማን እንደ ተገኘ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተክሉን የጋሞኛ ስም፣ ቦታውንና ቀኑን፣ ፈቃዷን ከሰጠችም የባለ ዕውቀቷን ሙሉ ስም ከናሙናው ጋር አብሮ መጻፍ የጥናቱ አካል ሊሆን ይገባል። ስሟ እንዳይጻፍ የምትሻ ብትኖርም ውሳኔው የራሷ እንጂ የተመራማሪው መሆን የለበትም።