የመንገድ ሠሪው ንጉሥ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በአዘዞ የሚገኘው የአይሮፕላን ማረፊያ በዓፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ያህል በረራ እዚያ ይደርሳል። ንጉሡ ጎንደርን ያቃጠሉ ስለ ሆኑ፣ ስማቸው ለከተማይቱ በር መሰጠቱ የሚከነክነው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ለእንዲህ ያለ ሥፍራ ከእርሳቸው ስም የሚስማማ አላገኘንም፤ ምክንያቱም በሕይወታቸው ታሪክ ይገኛል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ. ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ሸፍተው ጦር አበጁ። በ1845 ዓ. ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሡ። በየካቲት 1847 ዓ. ም. ደግሞ በሰሜን ደጋ ደጃዝማች ውቤን ማርከው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። የጦርነቱን ነገር ሁሉም ስለሚያውቀው ይህ ይበቃል።

በዚያ ዘመን በደጋው አገር መንገድ የሚባለው የእግርና የበቅሎ ዱካ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ አውራጃ ከአውራጃ ይቆራረጣል። ንጉሡ አንዱን ዐመፀኛ ሊቀጡ ሲሄዱ ሌላው በኋላቸው ይሸፍታል። ስለዚህ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት በዚያ ጊዜ፣ እርሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ቆሞ የሚያይ መኰንን ከየት ይመጣል?

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ደግሞ የእጅ ሙያ ያላቸውን የሚሲዮን ሰዎች መድፍ አሠሯቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች ብረት አቅላጮች ሆኑ። ከሥራቸው ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር።

ይሁን እንጂ አገሩ እየከዳቸው ሄደ፤ ቍጣቸውም በረታ። በኅዳር 1859 ዓ. ም. ጎንደርን ዘርፈው ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠሉ። ይህን የምንሸፍነው አይደለም፤ የገዛ ከተማችን ናት።

በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ መሄድ ግድ ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፣ ቁልቁለቱን ወደኋላ እየያዙ፣ የበሽሎን ገደል አሻገሩት። ይህ ጕዞ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ዛሬ በአይሮፕላን ላይ ሆኖ ቢታይ የደቂቃዎች መንገድ ነው።

በዚሁ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር፣ በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት፣ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዟል። ወደ መቅደላ በተቃረበ ጊዜ ገደሉን የሚወርድበትና የሚወጣበት የተዘጋጀ መንገድ አገኘ፤ ይኸውም ንጉሡ ለሴባስቶፖል የሠሩት ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞችም ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ተመለሱ። ሴባስቶፖልን ግን አልወሰዱትም፤ እስከ ዛሬ እዚያው አምባ ላይ ነው።