አሌክሳንደር ማክሲሞቭና የደም ግንድ

ስማቸው በመማሪያ መጻሕፍት እየተጠራ ኑሯቸው ግን እምብዛም የማይወሳ ሊቃውንት አሉ። ከነዚህ አንዱ ሩሲያዊው የሂስቶሎጂ ሊቅ አሌክሳንደር ማክሲሞቭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1874 በሴንት ፒተርስቡርግ ተወልደው በዚያው በጦር ሠራዊቱ የሕክምና አካዳሚ ተምረው በ1896 ተመረቁ። በፍራይቡርግና በበርሊን ጥናታቸውን ካዳበሩ በኋላ በ1903፣ ገና በ29 ዓመታቸው፣ በተማሩበት አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚያን ዘመን የደም አፈጣጠር የሊቃውንት መከራከሪያ ነበር። ታላቁ ፓውል ኤርሊኽና ተከታዮቻቸው ሊምፎሳይት ከሊምፍ ዕጢዎች፣ የቀሩት ነጭ ሕዋሳት ከአጥንት መቅኔ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ዘር አይገናኝም ይሉ ነበር። ማክሲሞቭ ግን የጥንቸልንና የሌሎች አጥቢ እንስሳትን ፅንስ በስሱ እየቆረጡ፣ በቀለም እየነከሩ፣ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከርመው ከሌላ መደምደሚያ ደረሱ። በ1909 በበርሊን ለደም ሊቃውንት ማኅበር ባሰሙት ንግግር የደም ሕዋሳት ሁሉ ከአንድ ግንደ ሕዋስ እንደሚፈልቁ፣ ያም ሕዋስ መልኩ የሊምፎሳይት መሆኑን፣ ወደ ቀይ ወይም ወደ ነጭ የሚመራውም የሚያርፍበት ስፍራ ሁኔታ እንደሆነ አስረዱ። ቃሉ እንኳ የርሳቸው ፈጠራ አልነበረም፤ ኤርንስት ሄከል ለፍጥረታት የዘር ሐረግ መነሻ በ1868 ተጠቅመውበታል።

ችግሩ ማስረጃው ነበር። በቀለም የተነከረ ሕዋስ ሙት ነው፤ ትናንት ምን እንደነበረ፣ ነገም ምን ይሆን እንደነበረ አይናገርም። ማክሲሞቭ ኋላ ሕያው ሕብረ ሕዋስን ከሰውነት ውጭ ወደ ማሳደግ ዞሩ፤ ይሁን እንጂ አንዱን ሕዋስ ለይቶ ዘሩን መከተል በጊዜው መሣሪያ አልተቻለም።

በ1922 ክረምት ከቤተሰባቸው ጋር በረዶ የሆነውን የፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው ተሰደዱ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም የአናቶሚ ፕሮፌሰር አድርጎ ተቀበላቸው። በ1928 በ54 ዓመታቸው ሲያርፉ የጀመሩት የሂስቶሎጂ መጽሐፍ አላለቀም ነበር፤ ባልደረባቸው ዊልያም ብሉም ጨርሰው በ1930 አሳተሙት።

ክርክሩ ወደ ፍጻሜ የተቃረበው ከሞቱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1961 በቶሮንቶ ጀምስ ቲልና ኧርነስት ማካላክ መቅኔያቸው በጨረር ለጠፋ አይጦች የጤነኛ አይጥ መቅኔ በደም ሥር ቢሰጡ በጣፊያቸው ላይ ጥቃቅን እብጠቶች በቀሉ። በ1963 እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሕዋስ የተገኘ መሆኑ በክሮሞሶም ምልክት ታወቀ፤ በውስጡም ቀዩም ነጩም ነበረበት። ማክሲሞቭ በአንድ ነገር ስተዋል፤ ሊምፎሳይት ልጅ እንጂ አባት አይደለም። ለነገሩ ግንደ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ብቻ ከትንሽ ሊምፎሳይት መለየት ዛሬም ያስቸግራልና ዐይናቸው ጨርሶ አላታለላቸውም።

መቅኔን ለሕሙማን በደም ሥር መስጠታቸውን በ1957 ያስታወቁት አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ዛሬ በሉኪሚያ የተያዘ ሕመምተኛ መቅኔው በመድኃኒት ወይም በጨረር ከተጠረገ በኋላ ከለጋሽ የሚሰጡት ግንደ ሕዋሳት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀዩንም፣ ነጩንም፣ ፕላትሌቱንም እንደገና ማፍራት ይጀምራሉ።