አይቻልም የተባለው ሞተር
(የኒኮላ ቴስላ የሕይወት ታሪክ)

ዛሬ በዓለም ጎዳናዎች ላይ ያለ ቤንዚን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ መሪያቸውንም በኮምፒዩተር እየታገዙ የሚያዞሩ ቴስላ የተባሉ መኪናዎች አሉ። የመኪናውን ስም የሰማው ብዙ ነው፤ የስሙን ባለቤት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሰውየው መኪናዎቹን አልሠራቸውም፤ ኩባንያው ሲቋቋም እሱ ከሞተ 60 ዓመት ሆኖት ነበር። ታዲያ ስሙ ለምን ተመረጠ? መልሱ እኛን የነገ መምህራንን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላ ቴስላ በ1856 በዛሬዋ ክሮኤሺያ ስሚልያን በምትባል መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ። እናቱ ትምህርት ቤት ያልገቡ ቢሆኑም የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን በራሳቸው ብልሃት ይሠሩ ነበር። ቴስላም የፈጠራ ችሎታውን ከእናቱ እንደወረሰ ይናገር ነበር።

በ1875 ግራዝ በተባለች የኦስትሪያ ከተማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ፕሮፌሰር ፖሽል የተባሉት የፊዚክስ መምህር ከፓሪስ የመጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለተማሪዎች አሳዩ። መሣሪያው ሲሠራ ኮረንቲውን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፉት ብሩሾች ብልጭታ ይረጩ ነበር። ቴስላ ይህን አይቶ፣ ብሩሾቹን ጭራሽ ማስወገድ ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። መምህሩም ነገሩ ከቶ የማይሆን መሆኑን በክፍሉ ፊት ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተው አስረዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኚህ መምህር ዕውቀት የጎደላቸው አልነበሩም። ቴስላ ራሱ በኋላ በጻፈው ታሪኩ ዕውቀታቸው የጠለቀ መሆኑን መስክሮላቸዋል። የተሳሳቱት በዚያች በአንዲት ጥያቄ ላይ ብቻ ነው።

ቴስላ ትምህርቱን ሳይጨርስ ከግራዝ ወጣ፤ ጥያቄዋ ግን አልለቀቀችውም። በ1882 ቡዳፔስት ውስጥ ከጓደኛው ጋር በመናፈሻ ሲዘዋወር መልሱ ድንገት መጣለት፤ በእንጨት አፈር ላይ ነድፎም አሳየው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አቅጣጫቸውን በየቅጽበቱ የሚለዋውጡ፣ ነገር ግን እኩል የማይራመዱ ሁለት ኮረንቲዎች በተለያዩ ጥቅልል ሽቦዎች ቢገቡ የማግኔቱ ስበት ክብ እየሠራ ይዞራል፤ መሐል ያለውንም ብረት ሳይነካው ይዞት ይሽከረከራል። ብሩሽ የለ፣ ብልጭታ የለ!

በ1884 ኒውዮርክ ገባ። ለኤዲሰን ጥቂት ወራት ሠርቶ ለቀቀ፤ ቀጥሎም ለዕለት እንጀራው ጉድጓድ እስከ መቆፈር ደረሰ። በ1888 ግን የሞተሩን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ዌስቲንግሃውስም ገዝቶት ሥራ ላይ አዋለው። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የተገኘው ኃይል በዚሁ በተለዋዋጭ ኮረንቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ።

በ1898 ደግሞ ሰው ያልተሳፈረባት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እየመራ ለኒውዮርክ ሕዝብ አሳየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ቀን ማሽኖች የራሳቸው አእምሮ እንዳላቸው ሆነው መሥራት እንደሚችሉ ገለጸ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ተረት ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ አላማረም። ገንዘቡ አለቀ፤ በጥር 1943 በ86 ዓመቱ ኒውዮርክ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞተ። በ1960 የማግኔት መስክ ብርታት መለኪያ በስሙ ተጠራ። በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ አቋቁመው ስሙን ሰጡት። በ2008 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መኪናቸው የሚሽከረከረው በዚያው አይቻልም በተባለው ዓይነት ሞተር ነበር። ከ2015 ጀምሮም ኩባንያው፣ ነጂው በንቃት እየተከታተለ፣ መኪናው ራሱ መስመሩን እንዲጠብቅ አደረገ።

እንግዲህ መምህራኖቻችንን ለመንካት ሳይሆን ለራሳችን ስንቅ እንዲሆነን ነው ይህን የጻፍነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ጠያቂውን ዝም ካሰኘነውስ ምን ይቀር ይሆን? ቴስላ ብርቱ ስለነበር በክፍሉ ፊት የተነገረውን ተቋቁሞ አለፈው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የሚጠብቀን የአሥር ዓመት ልጅ ግን ያን ያህል ላይበረታ ይችላል። ስለዚህ የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣ፣ አይሆንም ብሎ ከመዝጋት ጥያቄውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈን፣ አብረን እንፈልገው እንበል። ለዛሬው በዚሁ እናብቃ።