ከመድፍ ትምህርት ወደ ትያትር

ከድሬዳዋ ተነሥተን በመኪና ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ሂርናንና የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪ፥ የዛሬዋን ጭሮ፥ እናልፋለን። ሻይ ጠጥተን መንገዳችንን እንቀጥላለን እንጂ፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ትያትር የደረሱት ሰው ጨርጨርን እንደ ገዙና በስተርጅናቸው ሂርና ላይ እንዳረሱ የሚያስታውስ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኒህ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ከ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና በጄኔቭ ስለ አገራቸው ካደረጉት ክርክር ጋር ነው፤ እኛ ግን የድርሰታቸውን ጅማሬ እንተርካለን።

በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኰንን ዘንድ ገቡ፤ ዓድዋም የዘመቱት የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ ሳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻገሩ። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በፒተርስቡርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ፤ ቀጥሎም በፈረንሳይና በእንግሊዝ የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። ስለ ትያትር ያስተማራቸው ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን የአውሮፓ ትያትር ቤት ነው።

አገራቸው ገብተው አንድ ቀን ትያትር ይታያል ተብለው ቢሄዱ፥ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይመለስ ነበር፤ እሳቸው ግን ብዕር አነሡ። የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ጻፉ፤ ይህም በ1913 ዓ.ም. ግድም ነው። አዲስ አበባ በሚገኝ ሆቴል መኳንንቱ ተሰብስበው አዩት።

ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ጉቦውንና ስንፍናውን የሚሠራው አውሬ ስለሆነ ስሜ ተነሣ ብሎ ሊከስ የሚችል ሰው የለም። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ተረቱ ስለ ማን እንደሆነ አልጠፋውም። በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ትያትሩ ታገደ፥ መጽሐፉም ተሰበሰበ። መድረኩም ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ጭር ብሎ ቆየ። በእኛ አስተያየት በዚያ ዕግድ የተጎዳው አንድ ድርሰት ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፉትም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት ጅጅጋንና ጨርጨርን ገዙ፥ ሚኒስትር ሆኑ፥ በጠላት ወረራ ምክንያት ብዙ ዓመት በስደት ቆዩ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በትያትሩ መንገድ የገፉት ልጃቸው ግርማቸው ናቸው፤ እሳቸውም አውሬውን ትተው ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጻፉ።