ጉዲና ቱምሳ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ (ሚያዝያ 27 ቀን 1921 – ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.) ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞታቸው ድረስ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ የሃይማኖት መሪና የነገረ መለኮት ሊቅ ናቸው። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ብዙም ሳይቆይ በ50 ዓመታቸው ተገደሉ። ቤተሰባቸውና ይመሯት የነበረችው ቤተ ክርስቲያን አስከሬናቸውን አግኝተው እስኪቀብሩ ድረስ 13 ዓመት ያህል አልፏል።

የመጀመሪያ ሕይወት

ጉዲና በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ቦጂ የወንጌላውያን ስብከት ቀድሞ ከደረሰባቸው የወለጋ አካባቢዎች አንዱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በነቀምት ያረፉት በሰኔ 1923 ዓ.ም.፣ ጉዲና የ2 ዓመት ሕፃን ሳሉ ነበር።

ጉዲና በነጆ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ወደ ነቀምት ሄደው በሆስፒታል ተቀጠሩ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍልም ድሬሰር ሆነው ሠሩ። ከሥራቸው ጎን ለጎን ወንጌልን ይሰብኩ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን አግብተው ልጆች ወልደዋል። በ1958 እ.ኤ.አ. የቅስና ማዕረግ ተቀብለው በነቀምት ምዕመናንን አገለገሉ። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጠኑ።

ዋና ጸሐፊነት

መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተችው በጥር 1951 ዓ.ም. ነው። ጉዲና ከአሜሪካ ሲመለሱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ በዚያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የወለጋ ተወላጅ የሆኑት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ።

ከጉዲና ስም ጋር ተያይዞ በስፋት የሚታወሰው ሰነድ ቤተ ክርስቲያኗ በግንቦት 1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። የምዕራባውያን ረጂዎች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለሌሎች የልማት ሥራዎች ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ለወንጌል ስርጭትና ለአገልጋዮች ሥልጠና የሚሆን ገንዘብ ግን በቀላሉ አይገኝም ነበር። ደብዳቤው ይህን አካሄድ ተቃወመ። የሰው ልጅ ሥጋና ነፍሱ ተነጣጥለው የማይታዩ አንድ ሙሉ ፍጡር ስለሆነ፣ ልማትና ስብከትም ተለያይተው ሊታዩ አይገባም የሚል ክርክር አቀረበ። ደብዳቤው በዓለም አቀፍ ደረጃ ሰፊ ውይይት ቀስቅሷል። ጉዲና በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በውጭ ገንዘብ ላይ ብቻ ተደግፋ እንዳትኖር ይመክሩ ነበር።

በደርግ ዘመን

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ለውጡን በተስፋ የተቀበሉ ብዙዎች ነበሩ። በወለጋ ጭሰኛ ሆኖ ለኖረው ገበሬ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ ቀስ በቀስ ሻከረ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መንግሥት የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ወረሰ። ጉዲናም ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አፈ ቀላጤ እንድትሆን አልፈቀዱም። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ።

ጉዲና ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከዚህ በኋላ በውጭ አገር ያሉ ወዳጆቻቸው በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አማካይነት ከኢትዮጵያ የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። እርሳቸው ግን መንጋቸውን ትተው መሄድ እንደማይችሉ ገልጸው ዕድሉን ሳይጠቀሙበት ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ፣ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ የነበረውን አገልግሎት ጨርሰው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር በታጠቁ ሰዎች ተያዙ። ወይዘሮ ፀሐይ ከከተማው ወጣ ባለ ቦታ ተለቀቁ፤ ጉዲና ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ።

ያለ መቃብር የቆየ ሐዘን

ጉዲና የት እንደደረሱ ለቤተሰቡም ሆነ ለቤተ ክርስቲያኗ አልተነገረም። አስከሬን ስላልነበረ ቀብር ማድረግ አልተቻለም። ወይዘሮ ፀሐይም በ1972 ዓ.ም. ተይዘው 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የነበረው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ተወረሰ። ምዕመናን መሪያቸውን ካጡ በኋላ በብዙ ቦታ ማምለኪያቸውንም አጡ፤ ቢሆንም በየቤቱ እየተሰበሰቡ አምልኳቸውን ቀጠሉ።

እውነቱ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የጉዲና አፅም በአዲስ አበባ በቀድሞው የልዑል ራስ አስራተ ካሣ መኖሪያ ግቢ ተገኘ፤ በ1984 ዓ.ም.ም በክብር ተቀበረ።

መታሰቢያ

በስማቸው የተሰየመው የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን የተቋቋመው በዚያው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጉዲናን የአፍሪካው ቦንሆፈር ይሏቸዋል። ጀርመናዊው ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1939 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሰላም መቆየት እየቻለ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1945 እ.ኤ.አ. በናዚዎች የተሰቀለ ነው። ሁለቱም ከአደጋው የሚያመልጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ከሕዝባቸው ጋር መሆንን መርጠዋል።