ኧርነስት ሳቶው፦ ጃፓንኛን ያለ በቂ መዝገበ ቃላት ተምረው ለሌሎች መንገድ የጠረጉት አስተርጓሚ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1862 አንድ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ በጃፓኗ የዮኮሃማ ወደብ ከመርከብ ወረዱ። ስማቸው ኧርነስት ሳቶው ይባላል። የመጡት ጃፓንኛ ተምረው የሀገራቸው መንግሥት አስተርጓሚ ለመሆን ነበር።

ሳቶው እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ስለ ጃፓን የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ አንብበው ልባቸው ወደዚያች ሀገር ተሳበ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የተማሪ አስተርጓሚዎች ፈተናም አለፉ።

በዚያን ዘመን ችግሩ ከባድ ነበር። ጃፓን ከ200 ዓመታት በላይ በሯን ዘግታ፣ ከአውሮፓውያን ወገን በናጋሳኪ ከሆላንድ ነጋዴዎች ጋር ብቻ ስትገበያይ ኖራለች። ስለዚህ ጃፓናውያን አስተርጓሚዎች በደንብ የሚያውቁት የአውሮፓ ቋንቋ ሆላንድኛ ነበር። የእንግሊዝ ሹም ቃል በቅድሚያ ወደ ሆላንድኛ፣ ከዚያም ወደ ጃፓንኛ ይተረጎማል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሁለቱ መንግሥታት የሚነጋገሩት በሦስተኛ ሕዝብ አንደበት ነበር።

ሳቶው ከገቡ ገና በስድስተኛው ቀን፣ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ በዮኮሃማ አቅራቢያ ናማሙጊ በምትባል መንደር በሳትሱማ ግዛት ባላባት አጃቢዎች ተገደለ። እንግሊዝ ካሳ ጠየቀች። ነገሩ በስምምነት ሳይቋጭ ቀርቶ በቀጣዩ ዓመት መርከቦቿ የካጎሺማን ከተማ በመድፍ ደበደቡ፤ ከከተማዋ ከፊሉ በእሳት ጋየ። ሳቶውም በአንደኛዋ መርከብ ላይ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደብዳቤን በትክክል ማንበብ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ ለትምህርቱ የተሰናዳ ነገር አልነበረም። አስተማማኝ መዝገበ ቃላት የለም፤ የሰዋስው መጻሕፍትም ጥቂትና ያረጁ ነበሩ። አለቃቸው ደግሞ ተማሪዎቹን በቢሮ ጽሕፈት ሊጠምዷቸው ፈለጉ። ሳቶውና ባልደረባቸው ተከራክረው የጠዋቱን ሰዓት ለጥናት አስፈቀዱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሳሙኤል ብራውን ዘንድ ይማሩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የአንድ ጃፓናዊ መምህር ደመወዝ ቢከፍልም አንድ ስላልበቃቸው፣ ሁለተኛ መምህር ከኪሳቸው ቀጠሩ።

በዚያን ጊዜ የጃፓን መንግሥት ደብዳቤ የሚጻፍበት ቋንቋ ከሚነገረው የተለየ ነበር፤ ፊደሉም ተቀጣጥሎ ይጻፍ ስለነበር ለማንበብ ያስቸግር ነበር። ይህን ያስተማሯቸው ታካኦካ የተባሉ ሐኪም ነበሩ። መምህሩ አጭር ደብዳቤ በተቀጣጠለ ጽሕፈት ይጽፋሉ፤ ያንኑ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ጎልቶ እንዲታይ አድርገው ይገለብጡና ትርጉሙን ያስረዳሉ። ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ወረቀቱን ለጥቂት ቀናት ያስቀምጣል፤ እስከዚያው ሁለቱን የጃፓንኛ ቅጂዎች እያፈራረቀ ያነባል። ቀኑ ሲደርስ የራሱን ትርጉም አውጥቶ በቃሉ ወደ ጃፓንኛ ይመልሳል። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር ሲያስተያየው ስህተቱ ወለል ብሎ ይታየዋል።

ፍሬው ለመታየት አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1864 የአራት ሀገራት መርከቦች በሺሞኖሴኪ ከቾሹ ግዛት ጋር ሲዋጉ፣ የ21 ዓመቱ ሳቶው የእንግሊዙ አድሚራል አስተርጓሚ ነበሩ። በእርቁ ድርድር ከቾሹ ወገን ካገኟቸው አንዱ ኢቶ ሂሮቡሚ ናቸው። ኢቶ ወደ ለንደን ተጉዘው እንግሊዝኛ ተምረው የተመለሱ ወጣት ሲሆኑ፣ ኋላ የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱ ወጣቶች ያለ ሆላንድኛ መግባባት ችለው ነበር።

ሳቶው እውቀታቸውን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። እ.ኤ.አ. በ1873 በኢዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሚነገረውን ቋንቋ ለሚማሩ 25 መልመጃዎች ያሉት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1876 ደግሞ ከኢሺባሺ ማሳካታ ጋር የእንግሊዝኛና የጃፓንኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። ከእሳቸው ሁለት ዓመት ዘግይተው በዚያው የተማሪ አስተርጓሚነት መንገድ የመጡት ዊልያም አስተን፣ ኒሆንጊ የተባለውን ጥንታዊ የጃፓን ዜና መዋዕል ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም በቅተዋል።

ሳቶው ኋላ በሲያም፣ በኡራጓይ፣ በሞሮኮ፣ በጃፓንና በቻይና ሀገራቸውን በመልእክተኛነት ወክለዋል። ከጃፓናዊቷ ካኔ ታኬዳ ሁለት ወንዶች ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ ታናሹ ሂሳዮሺ ታኬዳ በተራራ ዕፅዋት ምርምር ስመ ጥር ሆነዋል። የወጣትነት ዘመናቸውን የሚተርከው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1921 ታተመ።

ኧርነስት ሳቶው እ.ኤ.አ. በ1929 በ86 ዓመታቸው በእንግሊዝ አረፉ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ያጡትን መዝገበ ቃላት ከኋላቸው የመጡት ተማሪዎች ተዘጋጅቶ አገኙት።